ጃኔት ዋይስ፦ የዘፈኑ ድራመር

ስሌተር-ኪኒ በተባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ ውስጥ ባስ ጊታር የለም። ሁለቱ ጊታሮች እርስ በርስ ሲጣሉ ከሥር ይዞ የሚያቆማቸው ለዓመታት የጃኔት ዋይስ ድራም ነበር። ድራም የጀመረችው በ22 ዓመቷ ነው፤ ለአንድ ባንድ የኮንሰርት ጉዞ ተብሎ፣ በሁለት ሳምንት ተለማምዳ! በ1996 እ.ኤ.አ. ስሌተር-ኪኒን ተቀላቀለች፤ በቀጣዩ ዓመት የወጣው «ዲግ ሚ አውት» ከእነሱ ጋር የሠራችው የመጀመሪያ አልበም ነው። ጉልበተኛ ድራመር ሞልቷል፤ እሷ ግን ጉልበቷን ለዘፈኑ ታስገዛለች። ፍጥነት ብቻ የሚያስደንቀው ሰው ይህን ላያስተውል ይችላል። በ2019 ከባንዱ ወጣች፤ ብዙም ሳይቆይ በመኪና አደጋ እግሯ ተሰበረ። ለድራመር እግር ግማሽ ሙያ ነው። በ2023 ግን ከሙዚቀኛው ሳም ኩምስ ጋር ባቋቋመችው ኳሲ በተባለው ባንድ አዲስ አልበም ይዛ ተመለሰች። ከ«ዲግ ሚ አውት» ጀምራችሁ ስሟት።