ስለ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሕንፃ

በባሌ ደጋ፣ በጎባም ሆነ በሮቤ፣ በእንጨትና በጭቃ የቆመውን አሮጌ ክብ ቤተ ክርስቲያን በድንጋይና በስሚንቶ ለማደስ የሚመክር ሰበካ ቢኖር፣ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው ሕንፃ በአዲስ አበባ ያለው ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ስሚንቶ የገባበት ሁሉ ከሥርዓት ወጥቷል የሚሉ አሉና፤ ይህ ሕንፃ ግን ነገሩ እንዲያ እንዳልሆነ ያስረዳል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በዓድዋ ድል ያደረጉት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል ነበርና ሕንፃው የድሉ መታሰቢያ ሆነ። ንድፉን ያወጣው ሰባስቲያኖ ካስታኛ የተባለ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነው። የተሸነፈው ወገን ልጅ የአሸናፊውን መታሰቢያ መንደፉ ራሱን የቻለ ቅኔ ነው።

የውጭ ግድግዳው ስምንት ማዕዘን ነው። ይህም ከባሕር ማዶ የመጣ አይደለም፤ አስቀድሞ በእንጦጦ ማርያም ታይቷል። ክቡ ስምንት ጊዜ ተቆረጠ እንጂ አልተሻረም። መቅደሱ በመካከል ነው፤ ቅድስቱና ቅኔ ማኅሌቱ ይከቡታል፤ ካህናቱም ሲዞሩ መንገድ አያጡም። የአውሮፓ ጌጥ የታየው በውጭ ነው፤ እርሱ ሰሙ ነው፣ ወርቁ በውስጥ ያለው ሥርዓት ነው። በ1936 ዓ.ም. የተባረከው የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግን ርዝመትን መርጧል፤ ግርማው ታላቅ ቢሆንም ሕዝቡ መቅደሱን ከብቦ መቆሙን ትቶ በፊቱ ተሰልፏል።

በየካቲት 1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች የከተማውን ሕዝብ በፈጁ ጊዜ በቅዱስ ጊዮርጊስ ላይ እሳት ለቀቁበት። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የነገሡበት ስፍራ ነበርና ቃጠሎው ያለ ትርጕም አልነበረም። ከነጻነት በኋላ ታደሰ፤ የመስኮቶቹንም የመስተዋት ሥዕል አፈወርቅ ተክሌ ሠራው።

በዚህ ሥዕል ላይ ግን አንድ ነቀፌታ አለ። ቀለሙ ያማረ፣ የሠሪውም እጅ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የመስተዋት ሥዕል ፀሐይ ካልወጣች አይናገርም። ማኅሌት የሚቆመው በሌሊት ነው። ጸናጽል ይዞ እስኪነጋ የሚያመሰግነው ደብተራ የሚያየው ጥቁር መስኮት ብቻ ነው፤ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ግን በአንዲት ጧፍ ይታያል። ከሳነቴ ሥር፣ በጉምና በብርድ ለምትኖር ጎባ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ የሚወሰደው ስምንቱ ማዕዘን ነው፤ ሰፊው መስኮት ለአዲስ አበባ ይቅር።