«ወደብ»፣ «መጫኛ» እና «ማገጃ»፦ በአንድ የመጋዘን መሣሪያዎች ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

በኢንዱስትሪ ረገድ ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ብቻ ትታወቅ የነበረበት ዘመን አልፏል። የቢራ ፋብሪካዎች ተተክለውባታል፤ የኢንዱስትሪ ፓርኳም በ2011 ዓ.ም. ተመርቋል። ፋብሪካ ባለበት መጋዘን፣ መጋዘን ባለበትም ጭነት አለና ስለ ጭነት መሣሪያዎች አመራረጥ የሚያስረዱ የውጭ አገር ጽሑፎች ወደ አማርኛ መመለሳቸው ተገቢ ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ ገና በረቂቅነቱ ሳለ፣ ለአስተያየት ለዚህ ጸሐፊ ደርሶት ነበር። ሰዋስዉ የተጣራ፣ ፊደሉም ጥንቃቄ የተደረገበት ነው። ጉድለቱ ያለው ከስያሜዎቹ ላይ ነው፤ የስያሜዎቹም ጉድለት በሰው ሕይወት ላይ አደጋ እስከ ማስከተል ይደርሳል።

መኪና ጀርባውን ሰጥቶ የሚጠጋበትን፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ከመጋዘኑ ወለል ጋር እኩል የሆነውን ስፍራ ረቂቁ «የመጫኛ ወደብ» ይለዋል። እንግሊዝኛው የመርከብ ማቆሚያን ስም ለመጋዘን በር አውሷል። በአማርኛ ግን «ወደብ» ከባሕር ወደ የብስ የተሻገረው በሌላ መንገድ ነው። የሞጆው «ደረቅ ወደብ» ከተሰየመ ወዲህ ቃሉ ጉምሩክን፣ ኮንቴይነርንና ቀረጥን ያስከትላል። የመጋዘን ባለቤት «ወደብ ይምረጡ» ሲባል ምን ይምረጥ? «የጭነት መድረክ» ቢባል ይበቃል። «መድረክ» የተናጋሪና የተዋናይ ሆኗል የሚሉ ይኖራሉ፤ ሆኖም «የጭነት» የሚለው ገላጭ ይለየዋል።

«መጫኛ» የበለጠ ያሳስባል። በ«መ» ጀምሮ በ«ያ» ወይም በ«ኣ» የሚጨርሰው የስም ርባታ ቦታንም መሣሪያንም ያመለክታል፤ «መውጫ» ስፍራ፣ «መጥረጊያ» ዕቃ ነው። «መጫኛ» ግን ከሁለቱም በፊት ሌላ ባለቤት አለው፤ ጠፍር ወይም ገመድ ነው። ከአልዩ አምባ ገበያ ተነሥቶ፣ አቀበቱን ወጥቶ አንኮበር ይገባ የነበረው አጋሰስ ጭነቱ የሚጠፈረው በመጫኛ ነበር። ረቂቁ «መጫኛው ሳይነሣ መኪናው አይንቀሳቀስ» ሲል ያዛል። ተርጓሚው ለማለት የፈለገው በወለሉና በመኪናው መካከል የተዘረጋው የብረት ሳንቃ ሳይመለስ ነው። ይህንኑ ዐረፍተ ነገር ለአንድ ጫኝና አውራጅ ባነብለት «ገመዱ ከተፈታማ ምን ያቆመዋል?» አለኝ። ገመዱ ተፈትቶ፣ ሳንቃው እንደ ተዘረጋ፣ ፎርክሊፍትም በላዩ ሳለ መኪናው ቢነሣ የሚሆነውን መዘርዘር አያሻም።

ሳንቃው ራሱ «አስተካካይ» ተብሏል። ምንን የሚያስተካክል? የመኪና ወለል ከፍታ እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል፤ ያው መኪናም ጭነቱ በቀለለ መጠን ባሌስትራው እየተነሣ ከፍ ይላል። መሣሪያው ይህን ከፍታና ዝቅታ እየተከተለ ፎርክሊፍቱን ያሻግራል። ስለዚህ «ተንቀሳቃሽ መሻገሪያ» ቢባል ስሙ ሥራውን ይናገራል፤ ገዢውም የሚጠይቀውን ያውቃል፦ ስንት ኪሎ ያሻግራል? ምን ያህል ከፍና ዝቅ ይላል? «አስተካካይ» ይህን ጥያቄ አያስነሣም። ጫፉን «ከንፈር» ማለቱም የእንግሊዝኛው ጥላ ነው። ወደ ውጭ ተዘርግቶ የሚወጣውን እኛ «ምላስ» እንለዋለን፤ የጫማ ምላስ እንደምንል።

ከሁሉ የከፋው «ማገጃ» ነው። ከጎማ ሥር የሚገባውንም ሽብልቅ፣ የመኪናውን ኋላ ከመድረኩ ጋር የሚያቆላልፈውንም መንጠቆ ረቂቁ በዚህ በአንድ ቃል ይጠራቸዋል። ሥራቸው ግን አንድ አይደለም። ፎርክሊፍት በገባና በወጣ ቁጥር መኪናውን ጥቂት በጥቂት ከመድረኩ ሊያርቀው ይችላል፤ ምላሱ የሚያርፍበት እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ክፍተት ይፈጠራል። ሽብልቁ ይህን ቢቀንስም ሊንሸራተት፣ ሊረሳም ይችላል። መንጠቆው በአንጻሩ መኪናው ያለ ጊዜው እንዳይነሣ ይይዛል። ስማቸው አንድ ከሆነ ሽብልቁን የገዛ ሰው መንጠቆውንም የገዛ ይመስለዋል።

ለመጀመሪያው አዲስ ቃል መፈለግ ባላስፈለገም ነበር፤ በጣርማ በር የሚያልፍ ሾፌርና ረዳት «ታኮ» ይለዋል። ተርጓሚው የቃሉን ባዕድነት ፈርቶ ትቶት ይሆናል። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ያን ተራራ የሸነቆረው ጣሊያን ሄዷል፤ ዋሻውም «ታኮ»ም ቀርተዋል። በዋሻው እያለፍን ቃሉን የምንጸየፍበት ምክንያት አይታየኝም። ለሁለተኛው «የኋላ መንጠቆ» እላለሁ። «መያዣ» ይሻል ነበር፤ እርሱን ግን ባንክ ቀድሞ ወስዶታል።