ኢንተርኔት ለማግኘት ኢንተርኔት የሚጠይቅ ካርድ

ምንጫቸው ክፍት ስለሆኑ የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወናዎች፣ በተለይም ስለ ሊኑክስ፣ የተጻፉ የጥገና መመሪያዎች ቁጥራቸው ብዙ ነው። አብዛኞቹ በቅን ልቦና የተጻፉና ደራሲዎቻቸው ለድካማቸው ዋጋ ያልጠየቁባቸው ናቸው። ይህን ውለታ ሳንዘነጋ ግን አንድ የጋራ ጉድለታቸውን መናገር ይገባል። ይኸውም አንባቢያቸው ኢንተርኔት ከእጁ የማይለይ ሰው ነው ብለው መነሣታቸው ነው። የላፕቶፑ የገመድ አልባ መገናኛ ካርድ አልሠራ ያለው ሰው መድኃኒቱን ከኢንተርኔት እንዲያወርድ ይታዘዛል፤ እሱ ግን ካርዱን የሚጠግነው ኢንተርኔት ለማግኘት ነበር!

ነገሩ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ጎረቤት ሄዶ አውርዶ ይመለሳልና። ስለዚህ መመሪያዎቹን ሌላ ቦታ ወስደን እንፈትናቸው። ከመተማ ዮሐንስ ወደ ገላባት ተሻግሮ በዶካ በኩል የሚዘልቀው መንገድ ገዳሪፍ ያደርሳል። ማሽላና ሰሊጥ የሚመረትበት፣ በየዓመቱ ከአገራችን ብዙ የእርሻ ሠራተኛ የሚወርድበት አገር ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው) ከትግራይ የተሰደዱ ወገኖቻችን በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ሰፍረውበታል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ከካርቱም የሸሸው ሕዝብ ተጨመረበት። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ ሱዳን ለማለት በሚቻል ደረጃ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። እንግዲህ በዚያ ሰሞን በገዳሪፍ አንድ መምህር ያገለገለ ላፕቶፕ እጁ ገባ እንበል። የትኛው መመሪያ ይረዳው ነበር?

ሁለተኛው ጉድለት ከመጀመሪያው ይወለዳል። መድኃኒት እንደ ልብ በሚገኝበት ሰፈር ያለ ሐኪም ምርመራ አያበዛም፤ ይህ ካላሻለህ ያንን ውሰድ ይላል። መመሪያዎቹም እንዲሁ ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ ይደረድሩና ሁሉም ካልሆነ ሥርዓቱን እንደገና ጫን ይላሉ። በየኮምፒዩተር መጠገኛ ቤቱ የምንሰማው «ፎርማት ይደረግ» የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። ፎርማት የተደረገ ማሽን ግን የጎደለውን ፋይል ከየትም አያመጣም።

የሚገርመው ሥርዓቱ ራሱ ከመመሪያዎቹ የተሻለ አስተማሪ መሆኑ ነው። «ኤል-ኤስ-ፒ-ሲ-አይ» የተባለው ትእዛዝ በማሽኑ ላይ የተገኙትን ካርዶች በስም ይዘረዝራል፤ ለዚህም ኢንተርኔት አይጠይቅም። ቁጥራቸውን እንዲያሳይ ከታዘዘ የእያንዳንዱን ካርድ የሠሪ መለያ ያወጣል። የኢንቴል መለያ 8086 ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ያወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰር ስም መሆኑ ነው። (ተማሪ ይህን አንዴ ከሰማ አይረሳውም።) ካርዱ በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ድራይቨር መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ችግሩ ከሥርዓተ ክወናው በታች ነውና። ማሽኑን አጥፍቶ፣ ባትሪውን አላቅቆ፣ ክዳኑን በካቻቪቴ ፈትቶ ካርዱን ነቅሎ መመለስ ይገባል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበትና አቧራው እንደ ማዕበል በሚነሣበት ምድር የካርድ ጥርሶች ቢቆሽሹ ወይም ከመሰኪያቸው ቢላቀቁ አያስደንቅም፤ በለስላሳ ላጲስ ቀስ ብሎ ማበስ አንዳንዴ ይበቃል።

ካርዱ ታይቶ ካልሠራስ? ያው ትእዛዝ የትኛው ድራይቨር እንደያዘው ይናገራል። ድራይቨር ይዞትም ካልሠራ «ዲ-ሜሴጅ» የተባለው የሥርዓቱ መዝገብ ይነበብ። ሁሉም ደኅና መስሎ ሬዲዮው ብቻ ዝም ካለ ደግሞ በላፕቶፑ ጎን ያለችው ማጥፊያ ተዘግታ ሊሆን ይችላል፤ «አር-ኤፍ-ኪል» ይህን ይገልጣል። ስንቱ ካርድ በዚህች ማጥፊያ ምክንያት ተበላሽቷል ተብሎ ተጥሏል! መዝገቡ በእንግሊዝኛ መሆኑን እንደ ምክንያት የሚያቀርቡ አሉ፤ እኔ ግን ትልቁ መሰናክል ይህ አይመስለኝም። ደጋግመው የሚመጡት ቃላት ከአሥራ አምስት አይበልጡም፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይጠናሉ።

ሂሱ የሚከብደው ብሮድኮም በሠራቸው ካርዶች ላይ ነው፤ በአሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ በርከት ብለው ይገኛሉ። የብዙዎቹ ድራይቨር «ቢ-43» ይባላል። ኩባንያው የአሠራሩን ዝርዝር ስላልሰጠ ፈቃደኞች የካርዱን ጠባይ ከውጭ እያጠኑ የጻፉት ነው፤ ሊደነቅ ይገባል። ይሁን እንጂ ካርዱ ሥራ ሲጀምር ፈርምዌር የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ይጫንበታል፤ እሱም የኩባንያው ንብረት ስለሆነ ሌላው እንዲያከፋፍለው አልተፈቀደም። ፋይሉ ሲታጣ መዝገቡ የጎደለውን በስሙ ጠርቶ ይናገራል፤ እስከዚህ ድረስ ከዚህ የተሻለ የስሕተት መልእክት አላየሁም። ወዲያው ግን ወደ አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ሄደህ አውርድ ይላል። በዴቢያን ለዚሁ የተዘጋጀው ጥቅልም በሚጫንበት ሰዓት ፈርምዌሩን ከኢንተርኔት የሚስብ ነው።

የማውረጃው በር ምንጊዜም ክፍት ነው ብሎ ማመንም ታሪክን መርሳት ነው። አሜሪካ ከ1990 እስከ 2010 ዓ.ም. በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ጥላ ነበር። በዚህም ሳቢያ በጊዜው ዋነኛ የክፍት ምንጭ ሥራዎች ማከማቻ የነበረው ሶርስፎርጅ በጥር 2002 ዓ.ም. ሱዳንን ከኩባ፣ ከኢራን፣ ከሰሜን ኮሪያና ከሶርያ ጋር አገደ። የዊንዶውስን የገመድ አልባ ድራይቨር በሊኑክስ ላይ የሚያሠራው ኤንዲስራፐር ይገኝ የነበረው እዚያው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ድርጅቱ ውሳኔውን ለየሥራው ባለቤቶች ተወው። ሆኖም «ለማንም ሰው ያለ አድልዎ» የሚለው መርሕ በአንድ ቀን ሲታጠፍ ታይቷል።

በአንጻሩ የዴቢያን ማኅበር ምስጋና ይገባዋል። ለብዙ ዓመታት ምንጩ ያልተገለጠ ፈርምዌር ከይፋዊ መጫኛው ውጭ እንዲቆይ ያደርግ ነበር። ለመርሑ የተከራከሩት ሰዎች ሐሳብ ቀላል አልነበረም፤ የማይነበብ ፕሮግራም በማሽንህ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አታውቅም። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ግን አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ይህን ለወጡ፤ በሰኔ 2015 ዓ.ም. የወጣው 12ኛው እትም ፈርምዌሩን በመጫኛው ይዞ መጣ። በእኔ አስተያየት ውሳኔው ትክክል ነው። ንጹሕ መጫኛ ይዞ ከዓለም መቆረጥ ለገዳሪፉ መምህር ነፃነት አይሆንለትም። የቢ-43 ፈርምዌር ግን በፈቃዱ ምክንያት ዛሬም በዚያ መጫኛ ውስጥ የለም።

እንግዲህ ለትምህርት ቤት የሚጻፍ መመሪያ ኔትወርክ ሳይጠፋ በፍላሽ ተቀድተው የሚቀመጡትን ፋይሎች በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይዘርዝር። አንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ሲገናኝ ሊኑክስ እንደ ኔትወርክ ካርድ እንደሚቀበለው፣ ተጨማሪ ፈርምዌርም እንደማይጠይቅ ይናገር። ካርድ መለወጥ የግድ ከሆነ በ«ኤ-ቲ-ኤች-9-ኬ» ድራይቨር የሚሠሩት የአቴሮስ የውስጥ ካርዶች የፈርምዌር ፋይል እንደማያስፈልጋቸው ይጠቁም። አንዳንድ የሌኖቮና የኤችፒ ላፕቶፖች ግን በባዮሳቸው ውስጥ ከተመዘገበው ካርድ በቀር ሌላ አይቀበሉም፤ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት አዲሱን ካርድ ሰክቶ ማሽኑ መነሣቱን ይይ።