የእንጥል መቍረጥና የላንቃ ስፌት፤ ስለ አንድ የተለመደ ክርክር የቀረበ ሂስ

በእስቴ፣ በጋይንትና በስማዳ፣ እንደ ሌላውም የአማራ አገር፣ ሕፃን ጡት አልይዝ ሲል ወይም ጉሮሮው ታሞ ትንፋሹ ሲያጥር «እንጥሉ ወርዷል» ማለት የቈየ ልማድ ነው። ወርዷል ከተባለም ወጌሻ ተጠርቶ በስለት ይቈርጠዋል። ይህ በገጠር ብቻ የተወሰነ ነገር አይደለም፤ ከተማ የተቀመጠና ፊደል የቈጠረ ሰውም ልጁን ሲያስቈርጥ ይገኛል።

ስለዚሁ ጕዳይ በተማሪዎች መካከል ክርክር ሲነሣ ሁለት ወገን ይታያል። አንደኛው «ጎጂ ልማድ ነው» ብሎ ያልፋል። ሁለተኛው ደግሞ «ጉዳቱ ከመቍረጡ አይደለም፤ ወጌሻው ስለቱን አይቀቅልም፣ ቍስሉንም አይሰፋም፤ በሆስፒታል ተቈርጦ በክር ቢሰፋ ግን ምንም አይደለም» ይላል። እኛ እንደሚመስለን ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ጥያቄ ሳይነኩ ያልፉታል።

የመጀመሪያውን ወገን ሕጉ ይደግፈዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 የሕፃን እንጥል በመቍረጥ ወይም የወተት ጥርስ በማውጣት ሞት ያደረሰውን ሰው ያስቀጣል። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሕግ የተከለከለውን ያመለክታል እንጂ ምክንያቱን አያስተምርም። እናት ምክንያቱ ካልተነገራት ነገሩን በስውር ታስደርጋለች፤ ልጁ ደም ሲፈሰውም ወደ ጤና ጣቢያ ለመውሰድ ልትፈራ ትችላለች።

ሁለተኛው ወገን የበለጠ ምርመራ ይገባዋል፤ የሳይንስ መልክ አለውና። ሆስፒታል ላንቃን የሚቈርጥበት ምክንያት በርግጥ አለ። በእንቅልፍ ጊዜ የጉሮሮ ጡንቻ ሲላላ ለስላሳው ላንቃና እንጥሉ ወደ ኋላ ወድቀው የትንፋሹን መንገድ የሚዘጉባቸው ሰዎች አሉ። እነዚህ በኃይል ያንኮራፋሉ፤ ትንፋሻቸው ቆም እያለ ያባንናቸዋል፤ ቀን ሲያንቀላፉ ይውላሉ፤ የደም ግፊትም ይከተላቸዋል። ጃፓናዊው ሐኪም ኢከማትሱ ለማንኮራፋት የሚደረገውን የላንቃ ቀዶ ጥገና በ1964 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ ፉጂታና ባልደረቦቹም በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በዲትሮይት ከተማ ለትንፋሽ መቋረጥ አዋሉት። አሠራሩ ቶንሲሉን፣ እንጥሉንና የላንቃውን ጠርዝ ቈርጦ፣ የቀረውን በራሱ በሚሟሟ ክር መስፋት ነው።

እንግዲህ ክሩ ምን ያደርጋል? እጅ ቢቈረጥ ተሰፍቶና ታስሮ ያርፋል። ላንቃ ግን ዕረፍት የለውም። ሰው ምራቁን በዋጠ፣ በተናገረና ባሳለ ቍጥር ጡንቻው ስፌቱን ይጐትተዋል። ቍስሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ የአፍ ተሕዋስያን አይለዩትም፤ ፋሻም አይታሰርበትም። ስለዚህ ክሩ ሥጋውን ቀድዶ የሚወጣበት፣ ወይም ቍስሉ ሳይገጥም የሚላላበት ጊዜ አለ። ስፌቱ ሲከፈት ቍስሉ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ እየሞላ በራሱ ይድናል፤ ነገር ግን ይዘገያል፣ ሕመሙም ይረዝማል። ጠባሳው ሲኰማተርም መንገዱን ሊያጠብበው ይችላል፤ ይኸውም ሊያሰፉት የተነሡትን መንገድ ማለት ነው። ደም መፍሰስ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሳይሆን ከሳምንት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ከላንቃው ብዙ ከተቈረጠ ደግሞ የሚጠጣው ውኃ በአፍንጫ ይወጣል፤ ንግግሩም በአፍንጫ ይሆናል። ይህን ያዩ ሐኪሞች ቋጠሮ የማያሻው እሾኻማ ክር አምጥተዋል፤ እሱም ቢሆን አንዳንድ ጊዜ ከሥጋው ብቅ እያለ ያስቸግራል።

ቍጥሩም ይህንኑ ይመሰክራል። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ይህ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን 3,130 ሰዎች መረመረ። 47ቱ ከባድ ጉዳት ደርሶባቸው ነበር፤ 7 ሰዎችም በ30 ቀን ውስጥ ሞተዋል። ይህ ብዙ አይደለም ይባል ይሆናል፤ ሆኖም የተገኘው ማደንዘዣ፣ በቂ መብራት፣ የደም መምጠጫና የሚሰጥ ደም ባለበት ቤት ነው። ስለ ጥቅሙም በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ ሰፊ ግምገማ፣ በሽተኛው ሳይመረጥ ሲሠራ የሚሳካው ከመቶ 41 ያህሉ ብቻ መሆኑን አሳየ።

ከዚህ የተነሣ ቀዶ ጥገናው ራሱ አሳቡን አሻሻለ። በቻይና ሐኪሙ ሃን ደሚን እንጥልን የማይቈርጥ አሠራር አስፋፋ፤ ዛሬም ብዙዎች ሥጋውን ከመቍረጥ ይልቅ ቦታውን ማስተካከል ይመርጣሉ። ሱሊቫንና ባልደረቦቹ በአውስትራሊያ ያሳወቁት፣ በጭንብል አየር እየነፋ ጉሮሮን ከፍቶ የሚይዝ መሣሪያም ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለ ስለት የሚሰጥ ዋና ሕክምና ሆኗል። እንጥልም ትርፍ ሥጋ አለመሆኑ ታወቀ፤ ምራቅ የሚያመነጩ ዕጢዎች ስላሉት ጉሮሮን ያርሳል።

አሁን ወደ መካነ ኢየሱስ እንመለስ። ወጌሻውና የመጀመሪያው ዘመን ቀዶ ሐኪም በአንድ ነገር ተስማምተው ነበር፤ በመንገድ ላይ የተንጠለጠለው ሥጋ ጥፋተኛ ነው ብለዋል። የሚለያያቸው ክሩ አይደለም። ሐኪሙ የሞተበትንና ያልዳነለትን ቈጥሮ አሳተመ፤ የእርሱም ቍጥር መልሶ አረመው። በወጌሻው እጅ የሞተውን ሕፃን ግን የሚቈጥር የለም፤ «ዕድሜው ይኸው ነበር» ተብሎ ይቀበራል። የዳነውም በመቈረጡ ዳነ ይባላል፤ ሳይቈረጥም ይድን እንደ ነበር የሚጠይቅ አይገኝም።

ሌላው ልዩነት ምክንያትን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። የሕፃናት ማንኮራፋትና በእንቅልፍ ጊዜ መታፈን አብዛኛውን ጊዜ ከቶንሲልና ከአፍንጫ በስተኋላ ካለው ዕጢ ማበጥ የሚመጣ ነው። አራስ ልጅ ጡት ሲተው ከባድ የተሕዋስያን ሕመም ይዞት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መመርመር አለበት። ከፍ ያለው ልጅ ጉሮሮውን ሲታመምም ሕመሙ በስትሬፕቶኮከስ የመጣ እንደ ሆነ በፔኒሲሊን ይታከማል፤ ሳይታከም ቢቀር ግን ኋላ የልብን ክዳኖች እስከ ማበላሸት ሊደርስ ይችላል። እንጥሉ የተቈረጠው ልጅ ከደም መፍሰስ፣ ከመንጋጋ ቆልፍና በስለት ከሚተላለፍ በሽታ ቢያመልጥ እንኳ «ታክሟል» ተብሎ ይቀመጣል። ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው፤ እውነተኛው በሽታ ጊዜ ያገኛልና።

ስለዚህ ክረምት ሲገባ ወደየአገራችን የምንሄድ ተማሪዎች «ጎጂ ልማድ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዘን አንሂድ። «ሆስፒታል ቢሰፋው ኖሮ» የሚለውንም እንተወው፤ ሊቈረጥ የማይገባውን መስፋት ሕክምና አይደለምና። እናቲቱ ልጇ ጡት ሲተው መጨነቋ ትክክል ነው፤ ስሕተቱ በጭንቀቷ ሳይሆን በተሰጣት መልስ ነው። የላንቃ ቍስል ለምን እንደማያርፍ፣ እንጥልም ምን ሥራ እንዳለው፣ የትኛውም ምልክት በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንደሚያስኬድ በቀላል ቃል ብንነግራት ትሰማናለች። በየቀበሌው በዚህ ምክንያት የተጐዱትንም ሕፃናት በጥንቃቄ መዝግበን ብናመጣ፣ እስከ ዛሬ ያልተቈጠረው መቈጠር ይጀምራል።