«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» እያልን የምንሰማው ዘፈን

አንድ የተወደደ ድምፃዊ በድንገት ሲሞት ለቀስተኛው ገና ከድንኳኑ ሳይወጣ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ያልወጣ ሥራ ትቶ ይሆን?» የሚለው ነው። ጥያቄው ከፍቅር የመነጨ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ያ ያልወጣ ዘፈን አንድ ቀን ወጥቶ ስንሰማው በምን ዓይነት ሚዛን እንደምንመዝነው ብዙ አልተነጋገርንበትም። እኛ መምህራን ስለ ሂስ ስናስተምር የምንጠቅሳቸው ምሳሌዎች አብዛኛውን ጊዜ ከልብ ወለድና ከግጥም የተወሰዱ ናቸው። ተማሪው በበኩሉ መጽሐፍ ከሚያነብበት ሰዓት ይልቅ ዘፈን የሚሰማበት ሰዓት ይበልጣል። ስለዚህ ለዛሬ ዘፈንን ይዘን እንቆይ።

ኢዮብ መኰንን ለጉዳያችን የቀረበ ምሳሌ ነው። ጅጅጋ የተወለደው ይህ ድምፃዊ ሬጌን በአማርኛ ከተጫወቱት መካከል በድምፁ ለስላሳነት የሚለይ፣ ሳይጮኽ የሚሰማ ሰው ነበር። «እንደ ቃል» በተባለው የመጀመሪያ አልበሙ ሰፊ አድማጭ አገኘ። በነሐሴ ወር 2005 ዓ.ም. በድንገት ታመመና ራሱን ሳተ። ወዳጆቹና አድናቂዎቹ ገንዘብ አሰባስበው ለሕክምና ወደ ናይሮቢ ላኩት፤ እዚያው ናይሮቢ ነሐሴ 12 ቀን በ37 ዓመቱ ዐረፈ። ሁለተኛው አልበሙ ለአድማጭ የደረሰው ከሞተ ከዓመታት በኋላ ሲሆን፣ ርእሱም «እሮጣለሁ» የሚል ነው።

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ በሚባለው ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለ ሰፈር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጥቂት ኢትዮጵያውያን ልጆች አማርኛ አስተምር በነበረበት ጊዜ ይህን ርእስ ሰሌዳ ላይ ጽፌ «ምን ይሰማችኋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዲት ተማሪ እጇን ሳታወጣ፣ «ጋሼ፣ ያውቅ ነበር ማለት ነው እኮ! ባያውቅ እንዲህ ብሎ ይሰይመው ነበር?» አለች። ዐይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ከኋላ የተቀመጠ፣ እዚያው ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ አንድ ልጅ ግን አልተዋጠለትም። «የኛ ሰፈሩ ኢ-ሰርስ? እሱ እኮ ‘ኒመፊካ’ ብሎ ነው የሞተው። የሚሮጥም ይሞታል፣ የደረሰም ይሞታል» ብሎ መለሰላት። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ለማያውቁት አንባብያን ላስረዳ። ኢ-ሰር፣ በሙሉ ስሙ ኢሳ ማሪ፣ የሳውዝ ሲ ልጅ ነው። በጠራ ስዋሂሊ ራፕ እያደረገ የኬንያን ወጣት ያስጨፈረ፣ ከኔምለስ ጋር የተጫወተው «ቡምባ ትሬን» እስከ ዛሬ የሚደመጥለት ድምፃዊ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 2003 ከናኩሩ አጠገብ በመኪና አደጋ ሲሞት ዕድሜው 21 ዓመት ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው አልበሙ «ኒመፊካ» ይባላል። በስዋሂሊ «ደርሻለሁ» ማለት ነው። አንድ ጎረምሳ ራፐር ለመጀመሪያ አልበሙ ይህን ርእስ ሲመርጥ «መጥቻለሁ፣ ልብ በሉኝ» ማለቱ እንደ ነበር ግልጽ ነው። ከመጋቢት 16 በኋላ የሰማው ሰው ግን ስንብት አድርጎ ሊሰማው ይችላል።

የልጁ ቀልድ ለሐያሲ የሚጠቅም ቁም ነገር አለው። ሁለቱ ርእሶች በትርጉም ተቃራኒ ናቸው፤ አንዱ ገና መንገድ ላይ ነኝ ይላል፣ ሌላው መንገዱን ጨርሻለሁ ይላል። አድማጭ ግን ሁለቱንም ትንቢት ናቸው ብሎ ተቀበላቸው። ተቃራኒ ነገሮች እኩል ትንቢት ከሆኑ ትንቢቱ ያለው ከዘፈኑ ውስጥ ሳይሆን ከሰሚው ልብ ውስጥ ነው ማለት ነው። ተማሪዬ ያለቀሰችው እንባ እውነተኛ እንባ ነው፤ እኔም አልገሠጽኋትም። ሆኖም እንባው የመጣው ከዜናው ይሁን ከዜማው ለይታ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ለሳምንት አሳድራ «ግማሽ ግማሽ» የሚል መልስ አመጣች። ይህ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሚያስመሰግን መልስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። በባህላችን ሙት አይወቀስም። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ሳይል ስለ ሞተ ሰው ጉድለት አፉን የሚከፍት የለም። ለጎረቤትና ለዘመድ ይህ መልካም ሥርዓት ነው። ወደ ኪነ ጥበብ ሲሻገር ግን ከሞት በኋላ የወጣ ሥራ ሁሉ ያለ ሂስ እንዲያልፍ ያደርጋል። ሰው በሕይወት ሳለ ሦስት ዘፈኑን አመስግነን ሁለቱን «ደከም ይላሉ» እንል ነበር፤ ከሞተ በኋላ የወጣውን ግን ሁሉንም «ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀ» እንላለን። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ሟቹን ማክበር አይደለም። የሠራበትን ጥንቃቄ ካልሠራበት ጋር አንድ አድርጎ መደባለቅ ነው።

ይህን ለመረዳት ዘፈን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ድምፃዊው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚቀዳው ለአቀናባሪው መንገድ ማሳያ የሚሆን ድምፅ ነው። ቃሉ ገና ያልተጨረሰ፣ አንዳንድ ቦታ በ«ላ ላ ላ» የተሞላ፣ ትንፋሹም ያልተስተካከለ ሊሆን ይችላል። አቀናባሪው በዚያ ላይ ቤዙን፣ ጊታሩንና ከበሮውን ያለብሰዋል። ከዚያ በኋላ ድምፃዊው ተመልሶ ገብቶ እንደገና ይዘፍነዋል፤ ቃል ይለውጣል፣ አንድ ስንኝ ይጥላል፣ አንዳንዴም ዘፈኑን በሞላ ይተወዋል። ሞት የሚቆርጠው ይህን የመጨረሻውን ጉዞ ነው። የቀረው መንገድ ማሳያው ብቻ ከሆነ ጎደሎውን የሚሞሉት ሌሎች ናቸው። አዝማቹ ሦስት ጊዜ ሲመጣ ሦስቱም ጊዜ ትንፋሹ እንኳ ሳይለወጥ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ተቀባዮቹ ከድምፃዊው በላይ ከጎሉ፣ መግቢያው ያለ ምክንያት ከረዘመ፣ በንቁ ጆሮ የሚሰማ ሰው ሌላ እጅ እንደ ገባበት ሊጠረጥር ይገባል። ተማሪዎች ይህን ዓይነቱን ፍለጋ ይወዱታል፤ እኔ እንደ ሞከርኩት ሰዋስው ከመተንተን የበለጠ ያነቃቸዋል።

ሌላ እጅ መግባቱ ግን በራሱ ነውር አይደለም። ቦብ ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1981 ከሞተ በኋላ በ1983 «ኮንፍሮንቴሽን» የተባለው አልበም ሲዘጋጅ፣ አይ-ትሪስ የተባሉት ሦስቱ ሴት ተቀባዮቹ በቀሩት ቅጂዎች ላይ ድምፃቸውን ጨምረዋል። «ባፋሎ ሶልጀር» ለዓለም የተሰማው በዚህ አልበም ነው። እነዚያ ሴቶች በሕይወቱም አብረውት ይዘፍኑ ስለ ነበር የት መግባት እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። «አየን ላየን ዛየን» ደግሞ በ1970ዎቹ ተቀድቶ እስከ 1992 ድረስ ተቀምጦ የቆየ ነው።

ዘመኑ ከዚህም አልፎ ሄዷል። ጆን ሌነን በ1970ዎቹ መጨረሻ ቤቱ ውስጥ ፒያኖ እየመታ በካሴት የቀዳው ዘፈን «ናው ኤንድ ዜን» ተብሎ በ2023 የወጣው ድምፁ ከፒያኖው በኮምፒዩተር ተለይቶ ነው። በዚህ ሥራ የተሰማው የራሱ የሌነን ድምፅ ነው። ዛሬ ግን ማሽን የሟችን ድምፅ አስመስሎ ያልዘፈነውን ሊያዘፍነው ስለሚችል «ያልወጣ ዘፈኑ ተገኘ» የሚል ወሬ ሲመጣ ተማሪው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ማን ቀዳው? መቼ? ማንስ ጨረሰው?» ብሎ ነው። አሳታሚዎችም በሽፋኑ ላይ ይህን በግልጽ ቢጽፉ ምን ይጎዳቸዋል? በመጽሐፍ ዓለም ደራሲው ሳይጨርሰው የሞተውን ሌላ ሰው ሲጨርሰው በመግቢያው መናገር የተለመደ ነው። ለዘፈን የሚነፈግበት ምክንያት አይታየኝም።

ደግሞ ያልወጣ ሁሉ ያልተጨረሰ አይደለም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ አዲስ አበባ በቤታቸው ፒያኖ እየመቱ በራሳቸው ድምፅ የዘፈኗቸው የካሴት ቅጂዎች «ሱቬኒርስ» በሚል ርእስ የወጡት በ2024፣ እርሳቸው በ99 ዓመታቸው ካረፉ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። እነዚህን የሚሰማ ሰው የቤት ቅጂ መሆናቸውን ወዲያው ይረዳል። ይሁን እንጂ የሚጎድላቸው ነገር የለም። ዘፋኟ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው ይዘፍኑ ስለ ነበር ስቱዲዮ ቢገቡ ኖሮ የምናጣው ነገር እንደ ነበረ ይሰማኛል። እዚህ ላይ ሂሱ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ለብቻ የተዘፈነን ነገር እኛ ስንሰማ ምን ዓይነት እንግዳ ነን?

ከዚህ ሁሉ የማይገጥም አንድ ምሳሌ አለኝ። አሜሪካዊው ኦቲስ ሬዲንግ «ዘ ዶክ ኦፍ ዘ ቤይ» የተባለውን ዘፈን ከቀዳ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 1967፣ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የባሕሩን ሞገድና የወፎቹን ድምፅ የሥራ ባልደረባው ስቲቭ ክሮፐር ከሞቱ በኋላ ጨመረበት። ዘፈኑ በጥር 1968 ወጥቶ በአሜሪካ የአንደኛነትን ቦታ ያዘ። መጨረሻው ላይ ፉጨት አለ፤ ሰው ሁሉ የሚወደው፣ ዜማውን የማያውቅ እንኳ አብሮ የሚያፏጨው። ለዚያ ክፍል የሚሆን ቃል ገና ስላልነበረው ነው ያፏጨው ተብሎ ይነገራል። ሬዲንግ በሕይወት ቢቆይ ኖሮ ምናልባት ተመልሶ ስቱዲዮ ገብቶ ፉጨቱን ያጠፋውና ቃል ያስገባበት ነበር።