ክራርና መድረክ፤ ስለ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ የዘፈንና የትያትር ሥራ

እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. የወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ዘፈኖች ኢትዮፒክስ በተባለው የሸክላ ተከታታይ 16ኛ ክፍል ሆነው በፓሪስ ሲታተሙ፥ የተሰጣቸው ርእስ «ባለ ክራሯ እመቤት» የሚል ትርጉም ያለው ነበር። ይህ እትም ውለታው ቀላል አይደለም፤ ድምፃቸውን አማርኛ ለማያውቅ ሰው ጭምር አድርሶታልና። ነገር ግን ርእሱ በራሱ አንድ ፍርድ ይዟል። ወይዘሮ አስናቀች ክራር የያዙ ዘፋኝ ብቻ ሆነው ይታያሉ፤ የትያትር ተዋናይነታቸው በሕይወት ታሪክ መግቢያ ላይ እንደሚጠቀስ ትርፍ ነገር ይቀራል። ዘፈናቸውን በጥንቃቄ የሚያዳምጥ ሰው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን ይረዳል፤ ዘፈኑ የተሠራው በተዋናይ ነው፤ ሸክላውም የያዘው የዚያን ተዋናይ ግማሽ አካል ብቻ ነው።

ወይዘሮ አስናቀች ወደ መድረክ በወጡበት በ1940ዎቹ ዓመታት የሴት ተዋናይ ማግኘት ከባድ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበርም ሆነ የማዘጋጃ ቤቱ ትያትር በሴት ስም የተጻፈውን ክፍል ብዙ ጊዜ ለወንድ ይሰጡ ነበር። ኋላ «አባባ ተስፋዬ» ተብለው ሀገር ያወቃቸው አቶ ተስፋዬ ሳህሉ በወጣትነታቸው የሴት ልብስ ለብሰው፥ ድምፃቸውን አቅጥነው ከተጫወቱት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ተመልካቹ ይህን ተቀብሎት ነበር፤ አንዳንዴም እጅግ ይስቅበት ነበር። ችግሩም ያለው በዚህ ሣቅ ውስጥ ነው። በወንድ አፍ የሚነገር የሴት ልቅሶ፥ የሴት ፍቅርና የሴት ቍጣ፥ ተጫዋቹ የቱን ያህል ብልህ ቢሆን፥ ወደ ቧልት ሳያዘነብል ሊቀር አይችልም። ወይዘሮ አስናቀች ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ናቸው፤ ብዙዎችም የመጀመሪያዋ ይሏቸዋል። የቀደምትነቱ ጉዳይ የሚያከራክር ቢሆን እንኳ፥ እርሳቸውን በመሰሉ ሴቶች መምጣት ያ ሣቅ ከመድረኩ መነሣቱ አያከራክርም።

ያስከፈላቸውም ዋጋ እጥፍ ነበር። በመድረክ መቆም ለሴት ነውር ሆኖ ሳለ፥ በእጃቸው የያዙት መሣሪያ ደግሞ ክራር ነው። በገና የዳዊት ነው፥ ለምስጋናና ለጸሎት ይደረደራል፤ ክራር ግን የሰይጣን ነው፥ ለዝሙትና ለጠጅ ቤት ነው የሚለው አፈ ታሪክ በሰፊው የታወቀ ነው። «አዝማሪ» የሚለውም ቃል በዚያ ዘመን ከሙያ ስምነቱ ይልቅ ስድብነቱ ይብስ ነበር። በዚህ ምክንያት የዘመኑ ትያትር ቤቶች ራሳቸውን ከጠጅ ቤት ለመለየት ብዙ ደክመዋል፤ ዘፋኙ ወደ ተመልካች ፊቱን አዙሮ፥ በሥርዓት ቆሞ፥ የተጻፈለትን ግጥም እንዲዘፍን ተደርጓል። ወይዘሮ አስናቀች ይህን ሥርዓት ተቀብለው ለጠጅ ቤቱ ጥበብ በር ከፈቱለት ቢባል ከእውነት አይርቅም። ባለ ክራርነትን ያስከበሩት ብቻቸውን አልነበሩም፤ ሜሪ አርምዴና ካሳ ተሰማም ነበሩ። ነገር ግን የእነዚህን ሁለቱን ሥራ ከእርሳቸው ሥራ የሚለየው የተዋናይነቱ ትምህርት ነው።

ያ ትምህርት ምን እንደ ነበረ መመልከት ይገባል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር ቤት፥ ዛሬ ብሔራዊ ትያትር የሚባለው፥ የንጉሠ ነገሥቱን የ25 ዓመት የዘውድ በዓል ምክንያት በማድረግ በኅዳር 1948 ዓ.ም. ሲከፈት፥ የታየው የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። የዘመኑ ትያትር በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ወይም ከታሪክ የተወሰደ፥ ንግግሩ ረዥምና ከባድ፥ ምክርና ግሣጼ የበዛበት። ተዋናዩ ቃሉን እስከ መጨረሻው ወንበር ማድረስ አለበት። የትያትር ቤቱ ሙዚቃ ደግሞ በነርሲስ ናልባንዲያን እጅ ሥር በኤውሮፓ መሣሪያ የተደራጀ ነበር። ትያትርና ሙዚቃ በአንድ ጣራ ሥር በሁለት ክፍል ተለያይተው ሲሠሩ፥ ወይዘሮ አስናቀች በሁለቱ መካከል የሚመላለሱ ሆኑ። ከትያትሩ ቃልን መመዘንና ዝምታን መጠበቅ ተማሩ፤ ከክራሩም ቃልን ወዲያው መፍጠርን ይዘው መጡ።

የዚህን ውጤት በትዝታቸው ላይ ማየት ይቻላል። ድምፃቸው ሰፊ አይደለም። የብዙነሽ በቀለን ጕልበት የሚፈልግ አድማጭ እርሳቸው ዘንድ አያገኘውም፤ ከፍ ባለው ድምፅ ላይ ይሳሳል፥ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቈጥሩ አሉ፤ በድምፅ ብቻ ከተመዘነ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ወይዘሮ አስናቀች መንቶውን እንዴት እንደሚያካፍሉት ልብ ይሏል። የመጀመሪያውን ስንኝ እንደ ዋዛ፥ ለሁሉም እንደሚነገር አድርገው ይጥሉታል። ከዚያ ክራሩ ብቻውን ይቀራል፤ ጣቶቻቸው አውታሩን አንድ በአንድ ይነካሉ እንጂ አይገርፉትም። ሁለተኛው ስንኝ ሲመጣ ግን ለአንድ ሰው ብቻ የሚነገር ይሆናል፤ ድምፁ ዝቅ ይላል፥ ሰሙም ወርቁን ይለቃል። በመካከል የገባችው ያች ጥቂት ዝምታ የዘፋኝ ዕረፍት አይደለችም፤ ባላጋራው መልስ ይሰጥ እንደ ሆነ የሚጠብቅ ተዋናይ ዝምታ ናት። ክራሩም ያን ጊዜ አጃቢ መሆኑ ቀርቶ በመድረኩ ላይ ሁለተኛ ሰው ይሆናል።

ከሸክላው የጐደለው ይህ «አንድ ሰው» ነው። ወይዘሮ አስናቀች በዓይናቸው፥ በትከሻቸው፥ በአለባበሳቸውና በጠጕር አሠራራቸው የታወቁ ነበሩ፤ ግጥማቸውም ለተቀመጠው ሰው፥ ለሣቀው፥ ለተኮሳተረው ወዲያው የሚገጥም ነበር። አድራሻው የጠፋ ደብዳቤ ቢነበብ ቃሉ ይሰማል እንጂ ነገሩ አይሰማም። ፈጠን ባሉት ዘፈኖች ላይ ይህ ጉዳት በጣም ይታወቃል፤ ያለ ትከሻውና ያለ ዓይኑ ሲሰሙ አዝማቹ ይደጋገማል፥ ግጥሙም የቀለለ ይመስላል። ከዘፈኖቻቸው መካከል ደካማ የሚባሉት ምናልባት በዓይን መታየት የነበረባቸው ይሆናሉ።

ይህ ነገር ለሕዝብ ጥናት እንግዳ አይደለም። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አገሮች በኦሮምኛ የሚባለውን ጌራርሳ ቃሉን ብቻ ጽፎ የወሰደ ሰው ምን እንደሚቀረው የታወቀ ነው፤ ፎካሪው የቆመበትን ቦታ፥ ስሙን የሚጠራውን ሰው፥ የተቀባዩን ድምፅ ጥሎ ነው የሚሄደው። የከተማው መድረክ ግን ዘመናዊ ነው ተብሎ ይህ ጥንቃቄ አልተደረገለትም። የተጓዥ ቡድኖቹ ታሪክም እንዲሁ ተዘንግቷል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ 114 ኪሎ ሜትር ላይ በምትገኘው ወሊሶ፥ የራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረው ጥላሁን ገሠሠ የሀገር ፍቅር ሰዎችን፥ ከነዚህም ውስጥ እዩኤል ዮሐንስንና ንጋቷ ከልካይን፥ አይቶ ነው ልቡ ወደ ሙያው የሸፈተው። ሬድዮ ድምፅን ብቻ ወደ ገጠር ባደረሰበት ዘመን፥ እነዚህ ቡድኖች ግን ሙሉውን ሰው አድርሰዋል።

የአቶ ተስፋዬ ሳህሉ ዕጣ ደግሞ በሌላ መንገድ ያሳዝናል። በመድረክ የዘፈኑ፥ የተወኑ፥ ወደ ኮርያ ለዘመቱት ወታደሮች የተጫወቱ ሰው ናቸው። በቴሌቪዥን ለ42 ዓመታት ለልጆች ተረት ስላወሩ፥ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ሀገሩ ያለቀሰው ለተረት አባት ነው። የተረቱ አነጋገር፥ ድምፅን በየእንስሳው መለወጡ፥ ሕፃኑን በዓይን መያዙ፥ ከየት እንደ መጣ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። የመጣው ከዚያው የሴት ልብስ ከለበሱበት መድረክ ነው። እርሳቸውን ካሜራ ሙሉ አካላቸውን ይዞ ሙያቸውን ሸፈነባቸው፤ ወይዘሮ አስናቀችን ሸክላ ሙያቸውን አጉልቶ አካላቸውን አስቀረባቸው።

ወይዘሮ አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፉ። በዕድሜያቸው ማምሻ የተቀረጹበት፥ ራሔል ሳሙኤል «አስኒ» ብላ የሠራችው ፊልም የጐደለውን በከፊል ይሞላል፤ በዚያ የሚታየው የተዋናይ አነጋገር፥ ሲያወጉ እንኳ ቃሉን በመካከል ማቆማቸው፥ ከላይ ስለ ትዝታቸው የተባለውን ያጸናል። አሁን ለተማሪዎች የቀረው ሥራ በትያትር ቤቶቹ መዝገብ ውስጥ የቀሩትን ጽሑፎች አውጥቶ፥ በየትኛው ትዕይንት ማን ምን እንደ ዘፈነ፥ ዘፈኑም ለየትኛው ገጸ ባሕርይ እንደ ተመለሰ ከሸክላዎቹ ጋር ማስተያየት ነው። አብረው የሠሩት ሰዎች ቍጥር በየዓመቱ እየቀነሰ ነውና፥ የእነርሱ ቃል ከወረቀቱ አስቀድሞ ሊጻፍ ይገባዋል።