ወንዙ የሚደክምበት ቦታ

ባሕር ጠላቂ የውሃውን ፍሰት ሳያጤን ቦታ አይመርጥም። ከባሕር በራቀው ቤኒሻንጉል ይህን ጥበብ የማደንቀው በወርቅ አጣቢዎች ዘንድ ነው። በመንጌ፣ በሸርቆሌና በኩርሙክ የበርታ ብሔረሰብ ሴቶች ገበቴ ይዘው ወንዝ ሲወርዱ ያገኙትን አሸዋ ሁሉ አይዝቁም። አስቀድመው ውሃውን ያያሉ።

ምክንያቱ ክብደት ነው። ወርቅ በይዘት ከሚተካከለው ውሃ 19 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ ተራ አሸዋ ግን ሦስት ጊዜ እንኳ አይሞላም። የክረምት ጎርፍ ሁለቱንም ጠርጎ ያመጣና ጉልበቱ ሲከዳው መጀመሪያ የሚጥለው ወርቁን ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ወንዙ የሚደክምበት ቦታ ነው፦ የመታጠፊያው የውስጥ ዳር፣ የትልቅ ድንጋይ ጀርባ፣ የአለቱ ስንጥቅ። የበጋው ቀጭን ውሃ ያሳስታል፤ መታየት ያለበት ጎርፉ ባለፈው ክረምት የሮጠበት መንገድ ነው። እዚህ ላይ ነው ልምድ የሚለየው። ቀሪውን ገበቴው ይጨርሰዋል፦ ሲዞር ቀላሉ አሸዋ ከውሃው ጋር ይፈሳል፣ ከባዱ ጥቁር አሸዋና ወርቁ ከታች ይቀራሉ።

አካባቢው በ1890 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ እንዲህ የታጠበ ወርቅ ለቤተ መንግሥት ይገብሩ ነበር። የገባሪው ስም ተጽፏል፤ የአጣቢዎቹ ግን የለም።

ጂኦሎጂ የምታጠኑ ተማሪዎች፣ አሶሳ ከደረሳችሁ ከእነዚህ እናቶች ጋር ወንዝ ውረዱ፤ ቦታውንም እነሱ ይምረጡላችሁ።